ያዩትን ብቻ መጻፍ፦ አንድን ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ስለ መመልከት

የሳይንስ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ከሚሰጧቸው የቤት ሥራዎች መካከል አንዱ እንዲህ የሚል ነው፤ በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አጠገብ አንድ ዛፍ ምረጡ፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ በየሳምንቱ እየሄዳችሁ ተመልከቱት፤ ቅጠሉን፣ አበባውን፣ ፍሬውን፣ የሚያርፉበትን ወፎችና ነፍሳት መዝግቡ፤ በዓመቱ መጨረሻም ደብተሩን አስረክቡ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ቤተ ሙከራም ሆነ የተለየ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ ግንዱን የሚለኩበት ገመድና የሚያስተውል ዓይን ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ቀላል ሥራ አንድ ከባድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። በጥቅምትና በኅዳር ለስድስት ሳምንታት ወደ ዛፉ ያልሄደ አንድ ተማሪ እናስብ። ደብተሩን የሚያስረክብበት ቀን ሲቃረብ፣ ማታ መብራት አብርቶ ይቀመጥና ስድስቱን ባዶ መስመሮች ይሞላቸዋል። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ነበረ፣ ፍሬው መቅላት እንደ ጀመረ፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ እንደ ዋለ ይጽፋል። የጻፈው ሁሉ ምናልባት እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ በዚያ ወራት ቡና እንደሚቀላ ማን የማያውቅ አለ? ዛፉ አይከሰውም። መምህሩም አይደርስበትም። ከጎረቤቱ የወሰደው አንዳች ነገር የለም። ታዲያ ይህ ተማሪ በማን ላይ ምን በደለ?

በዚህ ጽሑፍ ልናሰላስለው የወደድነው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ጉዳዩ የልጆች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ የዚህ ደብተር ነገር ወላጆችን፣ መምህራንንና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችንም የሚነካ ሆኖ አግኝተነዋልና።

ዓመቱ በሰርቦ እንዴት ይዞራል?

ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር በሚታወቅ ሥፍራ እናስቀምጠው። ሰርቦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ በቆሎ፣ ጤፍና ማሽላ ይዘራል፤ ቡናውም በዋንዛ፣ በሰሳና በብሳና ጥላ ሥር ይበቅላል። በጅማ አካባቢ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መውጫ ድረስ ብዙ ወራት ይቆያል። ስለዚህ በዚህ አገር ዛፍን ለሚመለከት ተማሪ የሚታይ ነገር አይጎድልበትም።

በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ግን እንቅፋት ነው። ከሩቅ አገር የተቀዳው የሳይንስ መጽሐፍ ዓመቱ አራት ወቅቶች እንዳሉት ይነግረዋል፤ በአንደኛው ዛፉ ያቆጠቁጣል፣ በሁለተኛው ይለመልማል፣ በሦስተኛው ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ ይረግፋል፣ በአራተኛው ደግሞ ዕርቃኑን በበረዶ መካከል ይቆማል። የእኛም ዘመን ቆጠራ ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ክረምት፣ መፀው፣ በጋና ጸደይ ይለዋል። ነገር ግን ስሞቹን በመዝገበ ቃላት ብናጣምራቸው እንኳ ወቅቶቹ አይገጣጠሙም። በሌላው አገር ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት በመፀው፣ የእኛ ምድር በአደይ አበባ ተሸፍና ትታያለች። በእኛ ክረምትም የሚወርደው ዝናብ እንጂ በረዶ አይደለም፤ ምድሩም በልምላሜ ይሸፈናል።

ብሳናን እንውሰድ፤ በኦሮምኛ በካኒሳ ይሉታል። ሊረግፍ የተቃረበው ቅጠሉ ብርቱካናማ ቀለም ስለሚይዝ በአረንጓዴው መካከል ከሩቅ ይታያል። ከመጽሐፉ ላይ የሚገለብጥ ተማሪ፣ ቅጠሉ የሚረግፈው በዚህ ወር ነው ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ዛፉ ሥር ሄዶ የሚቆም ተማሪ ግን ያልጠበቀውን ያያል። አንዱ ቅርንጫፍ ቅጠሉን ሲጥል ሌላው ያቆጠቁጣል፤ ብሳናው ሲራቆት ከሥሩ ያለው ቡና እንዳረንጓዴነቱ ይቆያል፤ ወንዝ ዳር ያለው ብሳናና ጉብታ ላይ ያለው ብሳናም እኩል ላይራቆቱ ይችላሉ። ይህ ለምን ሆነ ብሎ በጠየቀበት ሰዓት ሳይንስ በልቡ ተወለደ ማለት ነው።

የቡናው አበባ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። የቡና እንቡጥ በደረቁ ወራት በቅርንጫፉ አንጓዎች ላይ ተዘግቶ ይቆያል። ከደረቁ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው በቂ ዝናብ ሲጥል፣ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ገደማ እንቡጡ ሁሉ በአንድነት ይፈካል። ያን ጊዜ ማሳው ነጭ ይለብሳል፤ መዓዛውም መንገደኛውን ያስቆማል። ነገር ግን አበባው የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ይጠወልግና ይረግፋል። ከአበባው ተነሥቶ ቀይ ፍሬ እስኪሆን ግን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወራት ይፈጅበታል። እንግዲህ በዚያች ሳምንት ወደ ዛፉ ያልሄደ ተማሪ የዓመቱን አበባ አጣው። በሚቀጥለው ሳምንት ሲሄድ የሚያገኘው ቡናማ የሆነውን የአበባ ርጋፊና በአንጓው ላይ የቀሩትን ጥቃቅን ፍሬዎች ነው። በዚህ ጊዜ በፊቱ ሁለት መንገዶች አሉ። «አበባው ሲፈካ አላየሁም፤ ረግፎ አገኘሁት፤ በዚህ ሳምንት ውስጥ እንደ ፈካ እገምታለሁ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ወይም ደግሞ «ሰኞ ዕለት አበባው ፈካ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሁለተኛው አጻጻፍ አጭርና ያማረ ነው። የመጀመሪያው ግን እውነት ነው።

የተፈጠረ መስመር ከምናውቀው በላይ አይነግረንም

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ተማሪው ባዶውን መስመር የሞላው በምንድን ነው? አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር ነው። መጽሐፉ የነገረውን፣ ጓደኛው የጻፈውን፣ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ያሰበውን አኖረበት። የቤት ሥራው የተሰጠው ግን የሚያስበውን በሚያየው እንዲያርም ነበር። ዛፍን የምንመለከተው ዛፉ ከግምታችን የተለየ ነገር ሊነግረን ስለሚችል ነው። የፈጠርነው መስመር ይህን ከቶ ሊያደርግ አይችልም፤ ከእኛ ወጥቶ ወደ እኛ የሚመለስ ድምፅ ነውና። ዛፉ እንዲናገርበት በተሰጠው ሥፍራ ተማሪው ራሱ ተናገረ፤ ከዚያም ንግግሩን የዛፉ ነው አለ። የመጀመሪያው በደል ይህ ነው፤ በሌላው አንደበት ሳይላኩ መናገር።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሣል። የጻፈው ነገር በእርግጥ እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ቡናው በዚያ ሳምንት በእርግጥ ቀልቶ ቢሆንስ? ለዚህ የሚያግዘን አንድ ታሪክ አለ። ኦገስቲኖሳዊው ካህን ግሪጎር ሜንደል፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር በብርኖ ከተማ ገዳም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 ድረስ ወደ 28,000 የሚጠጉ የአተር ተክሎችን በትዕግሥት መረመረ። ዘሩ ለስላሳ ወይም የተጨማደደ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑን አንድ በአንድ ቆጠረ። ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1865 በንባብ አሰማ፣ በ1866ም አሳተመ። በሕይወቱ ሳለ ሥራውን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች እንደ ገና አገኙት፤ ዛሬ የዘር ውርስ ሳይንስ መሠረት ሆኖ ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ1936 ሮናልድ ፊሸር የተባለ እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ የሜንደልን ቁጥሮች መርምሮ አንድ ነገር አስተዋለ። ቁጥሮቹ ከሚጠበቀው ሒሳብ ጋር ከልክ ያለፈ ተስማምተዋል፤ በተፈጥሮ ዘወትር የሚታየው ትንሽ መዛነፍ አንሶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት በጉዳዩ ብዙ ተከራክረዋል፤ ብዙዎችም ለሜንደል ተሟግተዋል። በሙታን ላይ መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ያገኘው ሕግም ትክክል መሆኑን ማንም አልካደም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ መደምደሚያው እውነት ሆኖ ሳለ፣ ቁጥሮቹ ከመጠን በላይ ያማሩ ስለ መሰሉ ብቻ በአንድ ትጉህ ሰው ሥራ ላይ የጥርጣሬ ጥላ ለብዙ ዓመታት አረፈ። እውነተኛ ውጤት እውነተኛ መንገድንም ይፈልጋል። ያላየውን እንዳየ አድርጎ የጻፈ ሰው፣ ነገሩ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ «አየሁ» ማለቱ እውነት አይሆንም። ምስክር የሚጠየቀው ነገሩ መሆኑን ብቻ አይደለምና፤ እርሱ ማየቱንም ይጠየቃል።

ማንም አልተጎዳም ይባላልን?

ሁለተኛው መከራከሪያ «ማንም አልተጎዳም» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ፍለጋ ከጅማ አካባቢ መራቅ አያስፈልገንም። የቡና ፍሬ በሽታ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ነበር፤ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1971 ታየ። በሽታው ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል፤ ጥቁርና የሰረጎደ ጠባሳ ያወጣበታል፤ ፍሬውም ይረግፋል፣ ወይም በቅርንጫፉ ላይ ጠቁሮና ደርቆ ይቀራል። ኑሮው በቡና ላይ ለቆመ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መተረክ አያሻም።

ያን ጊዜ የተያዘው መፍትሔ በመሠረቱ አንድን ዛፍ በጥንቃቄ ከመመልከት የተገኘ ነበር። ተመራማሪዎች በሽታው በጸናባቸው የቡና ማሳዎችና ጫካዎች መካከል ተዘዋወሩ፤ ባልንጀሮቻቸው ሲጠቁሩ ጤነኛ ፍሬ ይዘው የቆሙትን ዛፎች አንድ በአንድ ፈለጉ። ለእያንዳንዱ እናት ዛፍ ቁጥር ተሰጠው። ዛፉ በዚያ ዓመት የዳነው በዕድል ይሁን በተፈጥሮው ለመለየት እንደ ገና ተመለከቱት፤ በፍሬውና በችግኙ ላይ በሽታውን ሆን ብለው እያሳረፉ ፈተኑት፤ ልጆቹንም ተክለው ጠበቁ። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ የተመረጠው እናት ጠባይ በልጆቹ ላይ ይገኛል። በመልኮ ባለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ለገበሬው ከደረሱት ዝርያዎች መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት በብዙ ሥፍራ ተተክለዋል። የስማቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች እናት ዛፋቸው የተመረጠበትን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ፤ የቀሩት አኃዞች የዚያ ዛፍ ተራ ቁጥር ናቸው።

እንግዲህ ይህን ቁጥር በዚህ ዓይን እንመልከተው። ከ74110 ስም በስተጀርባ አንድ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ዛፍ ፊት ቆሞ የጻፈው መስመር አለ። ያ ሰው ደክሞት፣ ዝናብ ይዞት፣ ወይም መንገዱ ርቆበት ወደ ዛፉ ሳይሄድ «ጤነኛ ነው» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ምን ይከተል ነበር? ስሕተቱ በደብተሩ ውስጥ አይቀርም ነበር። በችግኝ ጣቢያ ይፈላል፤ በገበሬው ማሳ ይተከላል፤ ገበሬውም ሦስትና አራት ዓመት ኮትኩቶ ፍሬ በሚጠብቅበት ጊዜ ጥቁር ፍሬ ያገኛል። ያን ገበሬ የጎዳውን ሰው ማንም ስሙን አያውቀውም፤ ገበሬውም የጎዳኝ እገሌ ነው ሊል አይችልም። ማንም አልተጎዳም የምንለው ብዙ ጊዜ የተጎዳው ሰው ከእኛ ርቆ ስለሚኖር ነው።

ተማሪው በደብተሩ ላይ የፈጠራቸው ስድስት መስመሮች የማንንም ማሳ አያጠፉም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ በብሳና ላይ የለመደውን እጅ ነገ በጤና ጣቢያ የበሽተኛ ካርድ ላይ፣ በመንገድ ሥራ መለኪያ ላይ፣ በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ላይ ይዞት ይገባል። የማይከስ፣ የማይመሰክር፣ የማይቆጣ ፍጥረት ፊት ታማኝ መሆን የታማኝነት መጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። በሚከስና በሚቆጣ ሰው ፊትማ ፍርሃትም ታማኝ ያደርጋል።

የባዶው መስመር ፍትሕ

እስከ አሁን የተናገርነው ተማሪውን የሚመለከት ነው። ነገር ግን ፍርዱን በእርሱ ላይ ብቻ ብንጥል ዳኝነታችን ጎደሎ ይሆናል። ተማሪው በጥቅምትና በኅዳር ወደ ዛፉ ያልሄደው ለምን ነበር? በሰርቦና በአካባቢዋ እነዚህ ወራት የቡና ለቀማ ወራት ናቸው። ቀዩ ፍሬ ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልተለቀመ በዛፉ ላይ ይደርቃል ወይም ይረግፋል። የዓመቱ ቀለብ፣ ልብስ፣ የዚያው ተማሪ ደብተርና እርሳስም ሳይቀር የሚገኘው ከዚያ ለቀማ ነው። ስለዚህ ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ማሳ ይወርዳል። እርሱ የቤተሰቡን ቡና ሲለቅም፣ ለቀማ የሌለበት ባልንጀራው በየሳምንቱ ወደ ዛፉ እየሄደ ደብተሩን ይሞላል።

መምህሩ ደብተሮቹን ሲያርም ምን ይመለከታል? መስመሮቹ ሁሉ ሞልተው ያገኘውን ደብተር በሙሉ ነጥብ፣ ባዶ መስመር ያለበትን ደግሞ በጎደለ ነጥብ የሚመልሰው ከሆነ፣ ለተማሪዎቹ አንድ ትምህርት በማያሻማ ቋንቋ አስተማራቸው ማለት ነው፤ ይኸውም ባዶ መስመር ያስቀጣል፣ የተፈጠረ መስመር ግን ያሸልማል የሚል ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን ፊት እውነትን የሚመርጥ ልጅ ጀግና መሆን አለበት፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጀግንነትን እየጠበቁ ለሐሰት ነጥብ መስጠት ደግሞ ግፍ ነው። ሐሰት የተናጋሪው ኃጢአት ሆኖ ሳለ፣ ሐሰት እንዲቀልና እውነት እንዲከብድ አድርጎ ሥርዓት የዘረጋውም ሰው ከድርሻው አያመልጥም። ይህን ወላጆችም እናስብበት። ልጃችን የጎደለ ነጥብ ይዞ ሲመጣ አስቀድመን የምንጠይቀው «ለምን አነሰህ?» ብለን ነውን? ወይስ «የጻፍኸው ሁሉ ያየኸው ነውን?» ብለን?

ምን ታያለህ?

በነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ውስጥ፣ ነቢዩ በተጠራበት ወራት እግዚአብሔር የጠየቀው ጥያቄ ለዚህ ነገራችን ይስማማል። እግዚአብሔር ወጣቱን ነቢይ ምን እንደሚያይ ጠየቀው። ኤርምያስም የለውዝ በትር እንደሚያይ መለሰ፤ ደኅና አድርጎ እንዳየም ተነገረው። የቅርንጫፉ ትርጉም የተገለጠለት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እንመልከት። አስቀድሞ ማየት፣ ቀጥሎ ያዩትን በስሙ መጥራት፣ ከዚያም ትርጉም። ትልቅ መልእክት ሊሸከም የተጠራው ሰው የተፈተነው በአንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ነበር።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከትርጉሙ እንጀምራለን። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ የሆንን ሰዎች ይህ ፈተና ይበልጥ ይቀርበናል። ልጆች እንዲያምኑልን ስንል በሰማነው ታሪክ ላይ ጥቂት ቅመም እንጨምራለን፤ ከሩቅ የሰማነውን ተአምር በዓይናችን እንዳየነው አድርገን እንተርካለን፤ የማናውቀውን ስንጠየቅ አላውቅም ማለት ያሳፍረናል። ዓላማችን በጎ ነው፤ ነገር ግን ባዶውን መስመር የሞላው ተማሪ ዓላማም ክፉ አልነበረም። በስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት አትመስክር የተባልነው በጎረቤታችን ላይ ስንመሰክር ብቻ አይመስለንም፤ ለእግዚአብሔር ስንመሰክርም ትእዛዙ ያው ነው። እውነት የሆነ አምላክ የእኛን ማሳመሪያ አይሻም። ልጁ ሲያድግና አንዱ ማሳመሪያ ሐሰት ሆኖ ሲያገኘው፣ አብሮት የተነገረውን እውነትም ይጠራጠረዋል።

በየቁምስናችን የሚገኘውን የጥምቀት መዝገብ እናስታውስ። ማን መቼ እንደ ተጠመቀ፣ ክርስትና ያነሣው ማን እንደ ሆነ በዚያ ይጻፋል። መዝገቡ በዝናብ ተጎድቶ ወይም ገጹ ጠፍቶ ቢገኝ፣ የጎደለውን ስም ከግምት ተነሥቶ የሚሞላ ካህን አይገኝም። ምስክሮች ይጠየቃሉ፤ በምስክሮች ቃል የተጻፈው ደግሞ በምስክሮች ቃል መሆኑ ይመለከትበታል። የጎደለው ጎደሎ ሆኖ ይቆያል። ለመዝገቡ ክብር የሚሰጠው ይህ ነው፤ የተጻፈውን የምናምነው ያልታወቀው ባለመጻፉ ነው። የተማሪው ደብተርም በመጠኑ እንዲሁ ያለ መዝገብ ነው።

እንዲህ ያለ መዝገብ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ከሌላው ዓለም እንማራለን። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ማርሻም የተባለ ባላገር እ.ኤ.አ. በ1736 ዛፎች ቅጠል የሚያወጡበትንና ወፎች የሚመጡበትን ቀን መመዝገብ ጀመረ፤ ቤተሰቡም እየተቀባበለ እ.ኤ.አ. እስከ 1958 አቆየው። በስዊዘርላንድ በጄኔቫ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1818 ጀምሮ አንድ የመንግሥት ሹም የአንድን ዛፍ የመጀመሪያ ቅጠል ቀን ይመዘግባል፤ ዛፉ ሲያረጅ በሌላ ይተካል፣ መዝገቡ ግን ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንዳች አያውቁም ነበር። ዛሬ ግን ሳይንቲስቶች የምድርን መሞቅ ለመመርመር እንዲህ ባሉ መዝገቦች ይጠቀማሉ፤ ሊጠቀሙባቸው የቻሉትም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረውን ያልታወቀ እጅ ስለሚያምኑት ነው። በእኛም አገር ሽማግሌዎች ዝናቡ ከቀድሞው እንደ ተለወጠ፣ ቡናው የሚያብብበት ጊዜ እንደ ተዛባ ሲናገሩ እንሰማለን። ተማሪው ይህን ሲሰማ «አባቶች እንዲህ ነገሩን» ብሎ ይጻፍ፤ የሽማግሌ ትውስታ ክብር አለው፤ በትውስታነቱ ሲመዘገብ ክብሩ ይጠበቃል። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ደግሞ የእርሱን ደብተር ከአባቶች ቃል ጋር አስተያይተው ይመረምሩታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ሥራ ለልጆች የምትሰጡ መምህራን፣ በቁምስናም ልጆችን ሰብስባችሁ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ጥቂት ነገር እናሳስባችሁ። ልጁ አንድ ዛፍ ይምረጥ፤ በቤቱ አጠገብ ያለ፣ በመንገዱ የሚያገኘው ይሁን። አንዱን ቅርንጫፍ በክር ምልክት ያድርግበት፤ ዘወትርም ያንኑ ይመልከት። የግንዱን ዙሪያ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በገመድ ይለካ፤ ርዝመቱን ይጻፍ። የደብተሩን ገጽ ለሁለት ይክፈለው፤ በቀኝ «ያየሁት»፣ በግራ «ያሰብሁት» ይበል፤ ሁለቱም ያስፈልጉታል፣ ነገር ግን እንዳይደባለቁበት ይጠንቀቅ። ሲሳሳት አይፋቅ፤ በአንድ መስመር ይሰርዘውና ትክክለኛውን ከጎኑ ይጻፍ። ዛፉን በኦሮምኛም በአማርኛም ስሙ ይጥራው፤ ዋንዛውን ወዴሳ የሚለው ጎረቤቱ ስለ ዛፉ እርሱ የማያውቀውን ሊያውቅ ይችላልና። በጅማ ምድር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ጥላ ሥር ያርፋሉ፤ ዛፉን በእውነት በመመልከትም አብረው ሊማሩ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶውን መስመር እንዳይፈራ አስተምሩት። በዚያ መስመር ላይ «ከጥቅምት 15 እስከ ኅዳር 25 ቡና ለቀማ ላይ ነበርሁ፤ ዛፉን አላየሁትም» ብሎ የጻፈ ልጅ ቢያጋጥማችሁ ነጥብ አትቀንሱበት። በዚያ ዓመት በደብተሩ ከጻፋቸው መስመሮች ሁሉ ለመጻፍ የከበደው ያ ሊሆን ይችላልና፣ ሙሉ ነጥብ ስጡት፤ ለምን እንደ ሰጣችሁትም በክፍሉ ሁሉ ፊት ተናገሩለት።